የግብርና ትምህርት በምዕራብ ጎጃም፦ ዘሩ ታውቆ ሙያው ስላልታወቀበት ምክንያትና ተማሪ ሊያገኝ ስለሚችልበት መንገድ

ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን መካከል አድርጎ እስከ ወምበርማ ቆላና እስከ ደጋ ዳሞት ከፍታ የሚዘልቀው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ኑሮው በእርሻ ላይ የቆመ፣ በቆሎው፣ ጤፉ፣ ስንዴውና በርበሬው ከራሱ ተርፎ የሌላውን አገር ገበያ የሚሞላ ምድር ነው። በዚሁ ምድር ላይ፣ በቡሬ ከተማ፣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስ የግብርና ትምህርት ይሰጣል፤ በፍኖተ ሰላምም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይገኛል። ይሁን እንጂ ከዚህ ገጠር ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የበቃ ወጣት የትምህርት መስክ ሲመርጥ ሕክምናን፣ ምህንድስናን፣ ኮምፒውተርንና ሕግን አስቀድሞ ግብርናን ወደ መጨረሻው መግፋቱ የተለመደ ነገር ሆኗል። የግብርና ትምህርት በጣም በሚያስፈልግበት ስፍራ በጣም የማይፈለግ መሆኑ ሊታለፍ የማይገባው ተቃርኖ ነው፤ ይህ ዲስኩርም አንድ የትምህርት ፕሮግራም በሕዝብ ዘንድ ታውቆ ተማሪ የሚያገኘው በምን መንገድ እንደሆነ ከዚሁ ተቃርኖ ተነሥቶ ይመረምራል።

የትምህርት ፕሮግራም ሲባል በአንድ ሙያ ዙሪያ የተደራጀ፣ የሚሰጡት ኮርሶች፣ የሚፈጀው ጊዜና በመጨረሻ የሚያስገኘው ማዕረግ አስቀድሞ የተወሰነ የትምህርት መስክ ማለት ነው፤ የእንስሳት ሳይንስ፣ የዕፅዋት ሳይንስ ወይም የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ፕሮግራሞች ናቸው። የፕሮግራም መታወቅ ግን ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ስሙ መሰማቱ ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ አንድ ወላጅ ወይም አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ፕሮግራሙ ምን እንደሚያስተምር፣ ምሩቁ በማግሥቱ ምን ሠርቶ እንደሚያድር፣ ለአካባቢው ምን እንደሚፈይድ በራሱ አንደበት ለሌላ ሰው መንገር መቻሉ ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በቴሌግራም ቻናልና በምረቃ ቀን ሪቫን የሚገኘው መታወቅ ከመጀመሪያው ደረጃ እምብዛም አያልፍም፤ ተማሪ የሚያመጣው ግን ሁለተኛው ነው።

ነገሩን ለመረዳት በኢትዮጵያ አንድ ተማሪ ወደ አንድ ፕሮግራም የሚደርስበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚያገኙት በአብዛኛው በምደባ ነው፤ ምደባ ማለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ያለፈ ተማሪ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ሞልቶ፣ ትምህርት ሚኒስቴር ውጤቱንና ምርጫውን አገናዝቦ የሚልክበት አሠራር ነው። ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶችን ከወሰደ በኋላ የትምህርት ክፍል ይመርጣል፤ እዚያም ብዙ የተመረጠው ክፍል ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን ይወስድና የቀሩት ነጥባቸው ወዳደረሳቸው ክፍል ይሄዳሉ። ስለዚህ በሕዝብ ዘንድ ያልታወቀ ፕሮግራም ጨርሶ ባዶ ላይሆን ይችላል፤ ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው፤ ወንበሮቹን ወደ ሌላ ለመሄድ አስበው ያልሆነላቸው፣ ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መቀየር የሚፈልጉ ወጣቶች ይሞሏቸዋል። አራት ዓመት ያልወደደውን ተምሮ የወጣ ባለሙያ ደግሞ ለሙያው ሌላ ተማሪ አይጠራም፤ እንዲያውም ታናሽ ወንድሙን ይመልሳል፣ እንዲህም እያለ የሙያው ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ዝቅ እያለ ይሄዳል።

ይህ የምደባ አሠራር ለረጅም ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎችን ተማሪ ከመፈለግ ሐሳብ ነጻ አድርጓቸው ነበር። ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የብሔራዊው ፈተና አሰጣጥ ጠብቆ ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ሆነው መፈተን ሲጀምሩ ግን ሁኔታው በአንድ ጊዜ ተለወጠ። በዚያ ዓመት ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆኑ። ክፍተቱን ለመሸፈን ሪሜዲያል የተባለው፣ ማለፊያ ነጥብ ያላገኙ የተወሰኑ ተማሪዎች ለጥቂት ወራት ትምህርታቸውን አጠናክረው እንደገና የሚፈተኑበት መርሐ ግብር ቢዘረጋም፣ አርባ ያህል የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥሩ ያነሰ ተማሪ መሻማታቸው አልቀረም። በጎጃም ምድር ብቻ እንኳ የባሕር ዳር፣ የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ተሰልፈው ይገኛሉ፤ የቡሬውም የፍኖተ ሰላሙም ተማሪ በዚያው ጎዳና አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ አንዱ ለመሄድ ይችላል። በዚህ ጊዜ መታወቅ የትምህርት ክፍል ህልውና ጉዳይ ሆኗል።

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ የግብርና ሳይንስን ፍሬ አያውቅም ብሎ መናገር ፈጽሞ ስሕተት ነው። ጃቢ ጠህናን ወይም ቡሬ ዙሪያ ያለ ገበሬ ከባኮ የበቆሎ ምርምር የወጣውን ቢኤች 660ን ያውቃል፣ ሊሙንና ሾኔን በስም ይለያል፣ የትኛው ንፋስ እንደሚጥለው፣ የትኛው ለእሸት እንደሚጣፍጥና የትኛው ዘግይቶ እንደሚደርስ ከማንም ባለሙያ ባልተናነሰ ያስረዳል። ጤፍ የሚዘራውም ቁንጮን ያውቃል። ቁንጮ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ሁለት የጤፍ ዓይነቶችን በማዳቀል የተገኘና በ1998 ዓ.ም. ለገበሬው የተለቀቀ ዝርያ ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሰፊው ተዛምቶ ስሙ ከገበያ እስከ ወፍጮ ቤት የሚጠራ ሆኗል። የማይታወቀው ከዝርያው በስተጀርባ ያለው ሙያ ነው፤ ዕፅዋትን ማዳቀል ማለት የአንዱን አበባ ዱቄት ለሌላው በእጅ እያደረሱ፣ ከትውልድ ትውልድ እየመረጡ፣ ብዙ ዓመት በትዕግሥት መጠበቅ መሆኑን፣ ይህንንም የሚሠራው ሰው እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ተምሮ፣ ፈተና አልፎ፣ የዕፅዋት ሳይንስ በሚባል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሠለጠነ መሆኑን ገበሬው የሚሰማበት አጋጣሚ የለም። ዘሩ ቤቱ ገብቷል፤ ዘሩን ያስገኘው ትምህርት ግን ደጅ ቀርቷል። የግብርና ፕሮግራሞች ያላቸው ትልቁ ሀብትና ከሁሉ በላይ ያባከኑት ሀብት ይህ ነው።

በገጠሩ ቀበሌ የተማረ የግብርና ባለሙያ ገጽታ ሆኖ የሚታየው የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ነው። በ1990ዎቹ በተስፋፋው የግብርና ኤክስቴንሽን ሥርዓት፣ ማለትም የምርምርን ውጤት ወደ ገበሬው ማሳ ለማድረስ በተዘረጋው የምክርና የሥልጠና አገልግሎት፣ በእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ በሰብል፣ አንድ በእንስሳት፣ አንድ በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት ባለሙያዎች እንዲመደቡ ታቅዶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ሠልጥነዋል። እነዚህ ሰዎች በጭቃና በአቧራ እየተመላለሱ የሠሩት ሥራ ከሚገባው ያነሰ ምስጋና ያገኘ ነው። ሆኖም ዕውቀታቸው በሥራ እንዲገለጥ ከማድረግ ይልቅ ማዳበሪያ ማከፋፈል፣ ስም መመዝገብ፣ ብድር ማስመለስ፣ ስብሰባ መጥራትና ሪፖርት መሙላት በላያቸው ስለተጫነ፣ ገበሬው ባለሙያውን ከመንግሥት ተላላኪ ለይቶ የሚያይበት ዕድል ጠበበ። ልጁ በየቀኑ የሚያየው የግብርና ምሩቅ በአነስተኛ ደመወዝ፣ በኪራይ ቤት፣ ያለ በቂ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የግብርና ትምህርት ክፍል በብሮሹር ላይ የሚጽፈው ቃል ከዚህ ዕለታዊ ትዕይንት ጋር ተወዳድሮ ሊያሸንፍ አይችልም።

ሌላም ጥልቅ ምክንያት አለ። በገጠር ቤተሰብ ዘንድ ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ከሞፈርና ከቀንበር የሚያወጣ መንገድ ተደርጎ ይታያል፤ አባት በሬ ሸጦ፣ እናት ቅቤና ዶሮ ገበያ አውጥታ ልጅን ከተማ ቤት ተከራይተው የሚያስተምሩት ከእነርሱ የተሻለ ኑሮ እንዲኖር ነው። ለዚህ ቤተሰብ «ልጅህ ግብርና ይማር» የሚለው ምክር «ልጅህ ወደ እርሻው ይመለስ» ከማለት ጋር አንድ ሆኖ ይሰማል። የሚመለስበት እርሻም የለም። በአማራ ክልል ሰፊው የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተወለደው ትውልድ መሬት የሚያገኘው ከወላጅ በውርስ፣ በስጦታ ወይም በኪራይ ስለሆነ፣ ጥቂት ጥማድ መሬት ላላቸው ቤተሰቦች ለአምስትና ለስድስት ልጅ ማካፈል የማይታሰብ ነው። እንግዲህ የግብርናን ትምህርት ለሕዝብ ሊያስተዋውቅ የሚነሣ ተቋም በቅድሚያ ሊያስረዳ የሚገባው ትምህርቱ መሬት ለሌለውም ሥራ የሚሆን መሆኑን፣ የዘር ብዜት፣ የእንስሳት ሕክምናና መኖ፣ የአፈር ምርመራ፣ የምግብ ማቀነባበር፣ የመስኖ አያያዝና የምርት ንግድ ሁሉ የዚሁ ሙያ ቅርንጫፎች መሆናቸውን ነው። ይህ ካልተነገረ የቀረው ቅስቀሳ ሁሉ ባልተዘጋጀ መሬት ላይ የሚዘራ ዘር ነው።

ይሁንና ጎጃም ተማሪን ከሩቅ በመሳብ ረገድ ከማንም መማር የማያስፈልጋት ጊዜ ነበራት፤ ትምህርቱም የቤተ ክርስቲያን ቅኔ ነበር። የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዲማ ጊዮርጊስና የደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤቶች ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከጎንደርና ከትግራይ ሳይቀር ተማሪ የሚመጣባቸው ስፍራዎች ሲሆኑ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የዕለት ምግቡን የሚለምነው የቆሎ ተማሪ የሳምንታት መንገድ በእግሩ ተጉዞ ወደ እነዚህ ቤቶች ይደርስ ነበር። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባታቸው በፊት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተመላልሰው መማራቸው ይህ ሥርዓት ምን ዓይነት ሰው ያወጣ እንደነበር ያሳያል። ጋዜጣም ሬዲዮም በሌለበት ዘመን፣ ተማሪ ሊራብ እንደሚችል ተረጋግጦ በሚታወቅበት መንገድ ላይ፣ ይህን ያህል ወጣት ምን እንደሳበው መጠየቅ ለዛሬው ዩኒቨርሲቲ ከብዙ የውጭ አገር መጽሐፍ የበለጠ ይጠቅማል።

አንደኛው ምክንያት እያንዳንዱ ስፍራ በአንድ ነገር መታወቁ ነው። ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሊያስመሰክር የፈለገ፣ ማለትም በመምህራን ፊት ተፈትኖ የመምህርነትን ማረጋገጫ ሊቀበል የፈለገ፣ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉትን የዜማ ክፍሎች የፈለገ ዙር አምባን ይጠይቃል፤ ቅኔ የፈለገ ፊቱን ወደ ጎጃም ይመልሳል። ሁሉን አስተምራለሁ የሚል ቤት አልነበረም፤ በቅኔ ውስጥ እንኳ የዋሸራ፣ የጎንጅና የዋድላ መንገድ እየተባለ የአገባብና የአዘራረፍ ስልት ይለያል። ሁለተኛው ምክንያት የትምህርቱ ፍሬ በአደባባይ መታየቱ ነው። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ እየቆጠረ ከወጣ በኋላ፣ በክብረ በዓል ቀን በማኅሌት ላይ በሊቃውንትና በምእመናን ፊት ከዚያ በፊት ተሰምቶ የማያውቅ ቅኔ ይቀኛል። ቅኔው ሸጋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ የማን ተማሪ ነው የሚለው ስለሆነ፣ የመምህሩና የጉባኤ ቤቱ ስም ከዚያው ደብር ተነሥቶ በየአገሩ ይዞራል። ሦስተኛው ምክንያት ሕዝቡ የትምህርቱ ባለቤት መሆኑ ነው፤ ቆሎውንና ቁራሹን የሚሰጠው ባላገር ምንም እንኳ ግእዙን ባይሰማ ተማሪውን በዓይኑ ያውቀዋል፣ ሲያድግ ያየዋል፣ መምህር ሆኖ ሲመለስም የራሱ ሥራ አድርጎ ይቈጥረዋል። ከእነዚህ ሦስት ነገሮች አንዱም ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም። የዛሬዎቹ የጎጃም ዩኒቨርሲቲዎች ለማስታወቂያ ከሚያወጡት ወጪ በፊት ይህን የገዛ አገራቸውን ልምድ አለመመርመራቸው የሚያሳዝን ነው።

በሌላው ዓለምም ስመ ጥር የሆኑ የግብርና ትምህርት ቤቶች የታወቁት በተመሳሳይ መንገድ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1862 በወጣው ሕግ የየግዛቱ መንግሥታት መሬት ተሰጥቷቸው ከዚያ በሚገኘው ገንዘብ የግብርናና የሜካኒክ ኮሌጆችን አቋቋሙ፤ ኮሌጆቹም ከጊዜ በኋላ ማስተማርን፣ ምርምርንና ዕውቀትን ወደ ገበሬው ማድረስን በአንድ ጣሪያ ሥር አዋሕደው ያዙ። በአላባማ ግዛት በሚገኘው በተስኪጊ ደግሞ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ገበሬዎች ወደ ኮሌጁ መምጣት የማይችሉ መሆናቸውን የተረዳው የዚያው ትምህርት ቤት መምህር ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ኮሌጁ ራሱ ወደ እነርሱ እንዲሄድ አሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ1906 በበቅሎ የሚጎተት፣ ማረሻ፣ ዘርና የወተት መናጫ መሣሪያ የተጫነበት ሠረገላ ተሠርቶ ከመንደር መንደር እየዞረ በገበሬው ማሳ ላይ በተግባር ማሳየት ጀመረ። ያ ሠረገላ ገበሬውን አስተማረ፤ ከዚያም በላይ ትምህርት ቤቱን ለገበሬው ልጆች አሳየ።

ይህ አስተሳሰብ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1940ዎቹ፣ ከኦክላሆማ የግብርና ኮሌጅ ጋር በተደረገው ስምምነት በተመሠረተው በዓለማያ፣ በዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በኩል ነው። ዓለማያ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የግብርና ሊቃውንት መፍለቂያ ሆኖ ስሙ የጸናው ካፈራቸው ሰዎች የተነሣ ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዱ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ናቸው። በምዕራብ ሸዋ ገጠር ተወልደው፣ በጅማ የግብርና ትምህርት ቤትና በዓለማያ ተምረው፣ ድርቅን የሚቋቋምና አቀንጭራ የተባለውን የማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ አረም የሚከላከል የማሽላ ዝርያ በማስገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ስለ እኚህ ሰው ሕይወት በምዕራብ ጎጃም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስንት ተማሪ ሰምቷል ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የጎጆ ቤት ልጅ በግብርና ትምህርት የት ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም፤ ምስክርነቱ ግን ወደ ተማሪው ጆሮ የሚደርስበት መንገድ አልተሠራም።

ወደ ቡሬ ሲመለሱ፣ ለካምፓሱ ፕሮግራሞች መታወቅ የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ሁሉ በዙሪያው ተከማችቶ ይገኛል። ቡሬ በአገር አቀፍ ደረጃ ከይርጋለም፣ ከቡልቡላና ከባዕከር ጋር በሙከራነት ከተመረጡት አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኮች አንዱ የተተከለባት ከተማ ናት፤ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ማለት ከገበሬው የሚገኘው ምርት ተጣርቶ፣ ተፈጭቶና ታሽጎ ወደ ገበያ የሚወጣበት የፋብሪካዎች ሰፈር ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውና በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የምግብ ዘይት የማምረት አቅም እንዳለው የተነገረለት የፊቤላ ፋብሪካም በዚችው ከተማ ይገኛል። ፋብሪካ የቅባት እህል ይፈልጋል፣ የቅባት እህል ዘር፣ የአፈር እንክብካቤና የጥራት ቁጥጥር ይፈልጋል፣ እነዚህ ሁሉ ደግሞ ሰው ይፈልጋሉ። አንድ የቡሬ ወላጅ ከፋብሪካው ጭስ አልፎ ይህን ሰንሰለት እንዲያይ፣ በሰንሰለቱ እያንዳንዱ ቀለበት ላይ የትኛው ፕሮግራም የሚያወጣው ምሩቅ እንደሚቆም እንዲገነዘብ ማድረግ የካምፓሱ ፋንታ ነው።

ከዚህም በላይ ካምፓሱ እንደ ጥንቶቹ ጉባኤ ቤቶች ስሙ የሚጠራበት አንድ ነገር ሊኖረው ይገባል። ለዚህ የአካባቢው ችግር ራሱ ርእስ ይሰጣል። የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ መሬት ዝናብ የበዛበት በመሆኑ ለእህሉ የሚጠቅሙት ማዕድኖች እየታጠቡ አፈሩ አሲዳማ ሆኗል፤ አሲዳማ አፈር ማለት የተጨመረለትን ፎስፈረስ ቆልፎ የሚይዝ፣ የሰብሉን ሥር የሚያቀጭጭ፣ ስለዚህም ገበሬው ውድ ማዳበሪያ ገዝቶ የሚገባውን ምርት የማያገኝበት መሬት ነው። መድኃኒቱ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በመጠኑ መጨመር መሆኑ ይታወቃል፤ መጠኑን ለማወቅ ግን አፈሩ መመርመር አለበት። በአጎራባቹ በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ለከሰል እየተከሉ የደከመ መሬታቸውን በየተራ ማሳረፋቸው ራሱን የቻለ ሰፊ የጥናት መስክ ነው። የቡሬና የአካባቢው በርበሬም እንደዚሁ ነው፤ በአገሪቱ ገበያ ስሙ የታወቀ ሆኖ ሳለ ሥር አበስባሽና አጠውላጊ በሽታ ገበሬውን ያስቸግረዋል። አንድ የትምህርት ክፍል በአምስትና በአሥር ዓመት ውስጥ «የአሲዳማ አፈር ነገር ቡሬ ይጠየቃል» ወይም «የበርበሬ በሽታ መላው ቡሬ ነው» እስኪባል ድረስ አንዱን ይዞ ቢሠራ፣ ከሃያ ፕሮግራም ዝርዝር የበለጠ ተማሪ ይጠራለታል። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ሁሉንም ፕሮግራም በአንድ ዓይነት ስም መክፈቱ ተማሪው አንዱን ከሌላው የሚለይበት ምክንያት አሳጥቶታል።

ሥራው ከተሠራ በኋላ የሚታይበት ቀንና ቦታም በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። በሰኔ የተዘራው በቆሎ ፍሬ የሚይዝበት፣ ጤፍና ዳጉሳ የሚያሸትበት የመስከረምና የጥቅምት ወራት የሙከራ ማሳ ለማሳየት ከሁሉ የተሻለ ጊዜ ነው፤ ኖራ ያገኘውና ያላገኘው ማሳ ጎን ለጎን ቆሞ ሲታይ ማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። እንደዚህ ባለው የመስክ ቀን የሚጠሩት አብዛኛውን ጊዜ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችና ሞዴል የሚባሉ ገበሬዎች ናቸው። መጠራት የሚገባቸው ግን የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ከእናትና ከአባታቸው ጋር ናቸው፤ ምክንያቱም ተማሪው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለይበት ጊዜ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ስለሆነና የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጽ የሚሞላው ውጤት በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በጥድፊያ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት የሚደርስ ማስታወቂያ ዘግይቶ የደረሰ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የግብርና መማሪያ መጽሐፍ መዘጋጀቱ ጥሩ በር ከፍቷል፤ መጽሐፉን የሚያስተምረው መምህር የሙከራ ማሳና የአፈር መመርመሪያ ከሌለው ግን ትምህርቱ በሰሌዳ ላይ ይቀራል፤ ካምፓሱ ማሳውንና ላቦራቶሪውን ለእነዚህ ክፍሎች በዓመት አንድና ሁለት ቀን ቢከፍት ከማንኛውም የምልመላ ዘመቻ የሚበልጥ ሥራ ይሆናል።

የፍኖተ ሰላሙ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በዚህ ረገድ ያለው ድርሻ ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል። ከዚያ የሚወጣው መምህር ወደ ጃቢ ጠህናን፣ ወደ ሰከላ፣ ወደ ወምበርማ ቀበሌዎች ሲሄድ የገጠሩ ልጅ ስለ ዓለም የሚሰማበት የመጀመሪያው አንደበት ይሆናል። መምህሩ ራሱ ግብርናን የደካማ ተማሪ ዕጣ አድርጎ የሚያይ ከሆነ አስተያየቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ባሉ ልጆች ሁሉ ላይ ያርፋል፤ ያጠፋ ተማሪ በቅጣት አትክልት ቦታ እንዲቆፍር የሚያደርገው ልማድም ያንኑ አስተያየት ያለ ቃል ያስተምራል። ሁለቱ ተቋማት በአንድ መንገድ ላይ በቅርብ ርቀት የሚገኙ እንደመሆናቸው የኮሌጁ ሠልጣኞች በቡሬ ማሳ ላይ ጥቂት ሳምንት ቢያሳልፉ፣ የካምፓሱ መምህራንም በኮሌጁ ቢያስተምሩ፣ አንዱ የሌላውን ስም ወደ ገጠሩ ያደርስለታል። የመምህርነት ሙያ ራሱ በዚህ ዘመን ተመራጭነቱ የቀነሰ በመሆኑ ጥቅሙ የጋራ ነው።

ቋንቋም አንድ ነገር ነው። የፕሮግራሞች መግለጫ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ተጽፎ በድረ ገጽ ላይ ይቀመጣል፤ ውሳኔውን ከልጁ ጋር የሚወስኑት ወላጆች ግን በአማርኛ የሚነጋገሩ፣ ብዙዎቹም ማንበብ ያልተማሩ ናቸው። የአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅት፣ በገበያ ቀን በሰው ፊት የሚደረግ የአፈር ምርመራ፣ በእድርና በሰንበቴ ላይ ተጋብዞ የሚናገር የአካባቢው ተወላጅ ምሩቅ ከድረ ገጹ የቀደመ ስፍራ ይገባቸዋል። ሴት ልጅ ያላቸው ወላጆች ስለ ማደሪያና ስለ መንገድ ደኅንነት የሚያነሡት ጥያቄ በቀጥታ መመለስ አለበት፤ በቤት ውስጥ የዶሮ እርባታውን፣ የጓሮ አትክልቱንና የወተቱን ሥራ በአብዛኛው የያዙት ሴቶች ሆነው ሳለ ለግብርና ትምህርት እነርሱን አስቀድሞ አለመጥራት ትልቅ ጉድለት ነው።

በሕዝብ ፊት መውጣት ግን ዕዳም አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና እንዲወስድ ስለተደነገገ፣ አንድ ፕሮግራም ካስፈተናቸው ስንቱ እንዳለፉ በቁጥር ይታወቃል። ተማሪ የሚጠራ ፕሮግራም ይህን ቁጥር፣ ምሩቃኑ ሥራ ለማግኘት የፈጀባቸውን ጊዜና ያልተሳካላቸውንም ጭምር መንገር አለበት። ሥራ የሌለበትን ሙያ ሥራ አለበት ብሎ ወጣት መሰብሰብ በወላጅ ጥሪት ላይ የሚፈጸም በደል ነው፤ ገበሬው ደግሞ አንድ ጊዜ ያልበቀለለትን ዘር ሁለተኛ አይገዛም፣ ጎረቤቱም እንዲገዛ አይመክርም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የከበደው ነገር የወቅቱ ሁኔታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው የትጥቅ ግጭት በምዕራብ ጎጃም የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘግቷል፤ መምህራን ተሰደዋል፣ መንገድ በተደጋጋሚ ተቋርጧል፣ ብዙ ልጆችም የትምህርት ዓመታት አልፈዋቸዋል። ዛሬ በዘጠነኛ ክፍል መሆን የሚገባው ልጅ ከብት በሚጠብቅበት ወይም ለሥራ ወደ ሌላ አገር በሄደበት ሁኔታ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ስለ መታወቅ መናገር ከጊዜው የቀደመ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ትምህርት በተቋረጠበት ዘመን ዩኒቨርሲቲው ለሕዝቡ የሚያደርገው ነገር ከሌላው ጊዜ ይልቅ በጉልህ ይታያል። የቡሬ ካምፓስ መምህራን ዘርና ማዳበሪያ በሚያጥርበት ወቅት ገበሬው በእጁ ባለው ነገር ምን ማድረግ እንደሚችል ቢያስረዱት፣ ያቋረጠውን ልጅ ወደ ትምህርት ለመመለስ የሚሞክረውን ትምህርት ቤት በመጽሐፍና በአስጠኝ ቢረዱ፣ ሰላም በወረደ ቀን ስማቸው ሳይነገር የታወቀ ሆኖ ይገኛል። የካምፓሱና የኮሌጁ አመራር፣ የዞኑ ትምህርት መምሪያና በአካባቢው ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ርእሳነ መምህራን መንገዱ ክፍት በሆነበት ሁሉ ይህን ሥራ በጋራ እንዲጀምሩ፣ የመጀመሪያውንም የመስክ ቀን ለባለሥልጣናት ሳይሆን ለተማሪዎችና ለወላጆቻቸው እንዲያደርጉት ጥሪ ቀርቦላቸዋል።